የኤምባሲ ቪዛ፣ ኢ-ቪዛ ወይስ ኦን አራይቫል? ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

አንድ አገር ከአንድ በላይ የቪዛ መንገድ ሲኖረው ብዙ ሰው ክፍያውንና ፍጥነቱን ብቻ አይቶ ይወስናል። እኔ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። «አይቻልም» የምባለው የት ላይ ሆኜ ነው? ኤምባሲ ነው? ቤቴ ቁጭ ብዬ በኢሜይል ነው? ወይስ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ኤርፖርት? ሦስቱን ቪዛዎች የሚለያቸው ዋናው ነገር ይህ ነው።

የኤምባሲው ቪዛ አድካሚ ነው። ቀጠሮ አለው፣ አሻራ አለው፣ አንዳንዱ ኢንተርቪው አለው። የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የሆቴል ቦታ ማስያዣ ይጠየቃል። ፓስፖርታችሁም ለሳምንታት እዚያው ሊቆይ ይችላል። ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለውን የሸንገን ቪዛ ብንወስድ፣ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይገባል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር። መልሱ በተለምዶ በ15 ቀን ይመጣል፣ ማጣራት ካስፈለገ ግን እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም የግድ ነው። የአዋቂ ክፍያው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ብትከለከሉም አይመለስም።

ታዲያ ምን ጥቅም አለው? ውሳኔውን የምትሰሙት ትኬት ሳትቆርጡ ነው። የአውሮፕላን ቦታ አስይዛችሁ ብቻ ማመልከት ስለምትችሉ፣ ብትከለከሉ የምታጡት የማመልከቻውን ክፍያና ጊዜያችሁን ነው። ደጋግሞ ለመግባትም የተሻለ ነው፤ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ በአብዛኛው የሚገኘው በዚህ በኩል ነው። ለሸንገን አንዴ የሰጣችሁት አሻራ ደግሞ ለ59 ወር ስለሚያገለግል ሁለተኛው ማመልከቻ ይቀላል።

ኢ-ቪዛ ይህን ሁሉ ምልልስ ያስቀራል። ፎርም ትሞላላችሁ፣ ፎቶና የፓስፖርት ገጽ ትልካላችሁ፣ በካርድ ትከፍላላችሁ፣ መልሱ በኢሜይል ይመጣል። እዚህም ብትከለከሉ ቤታችሁ ሆናችሁ ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ፎርሙን የምትሞሉት ራሳችሁ ስለሆናችሁ ስህተቱን የሚይዝላችሁ ሰው የለም። የፓስፖርት ቁጥር ላይ «ኦ» ፊደልንና ዜሮን ማምታታት ብቻ ቪዛውን ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል። ቪዛው የሚታሰረው በፓስፖርት ቁጥሩ ነውና ፓስፖርት የምታሳድሱ ከሆነ መጀመሪያ አሳድሱ፣ ከዚያ አመልክቱ።

ሌላው፣ የመንግሥትን ገጽ የሚመስሉ ድረ ገጾች ሞልተዋል። አንዳንዶቹ እጥፍ አስከፍለው ያንኑ ፎርም ይሞሉላችኋል። አንዳንዶቹ ገንዘቡን ተቀብለው ይጠፋሉ። ፍለጋ ላይ ከላይ የመጣውን ማስታወቂያ አትጫኑ፤ ከአገሩ ኤምባሲ ገጽ ተነስታችሁ ሊንኩን ተከተሉ። ይህን ጉዳይ አደራ የምለው ከልቤ ነው።

ኦን አራይቫል ከሁሉም ቀላል ይመስላል፤ ደርሶ፣ ከፍሎ፣ ማስመታት። ግን የመጀመሪያው ፈተና እዚያ አገር ሳይሆን መነሻችሁ ላይ፣ ቼክ ኢን ነው የሚጠብቃችሁ። አየር መንገዶች ሰነድ የጎደለው ሰው ይዘው ከሄዱ ብዙ አገሮች ይቀጧቸዋል፤ መልሰው የማምጣቱም ኃላፊነት የእነሱ ነው። ስለዚህ ሠራተኛዋ ቲማቲክ የሚባለውን የጉዞ ሰነዶች መረጃ ታያለች፤ ካልተሟላ ቦርዲንግ ፓስ የለም። አንድ የቅርብ ዘመዴ እንዲህ ተመልሷል። ቪዛው ቀርቶ የመመለሻ ትኬት ስላልያዘ ብቻ ነበር። ያን ቀን የከሰረው ትኬቱን፣ ሆቴሉንና የዕረፍት ቀኖቹን ነው። የሆቴል ማረጋገጫ፣ የመመለሻ ትኬትና ያልተቀደደ ጥሬ ዶላር ሳትይዙ በዚህ መንገድ አትውጡ። አንዳንድ አገርም ይህን ቪዛ የሚሰጠው በዋና ኤርፖርቶቹ ብቻ ነው፤ በየብስ ድንበር ከመጣችሁ ላይሠራ ይችላል።

እኔ ብሆን ኢ-ቪዛና ኦን አራይቫል ሁለቱም ካሉ ያለማመንታት ኢ-ቪዛውን እወስዳለሁ። ኦን አራይቫልን የምመርጠው ሌላ መንገድ ከሌለ ወይም ጉዞው ድንገተኛ ከሆነ ብቻ ነው። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ የምትመላለሱ፣ ወይም ረዘም ላለ ጊዜ የምትቆዩ ከሆነ ግን የኤምባሲው ድካም ይካሳል። የእንግሊዙ ኢቲኤና የአሜሪካው ኢስታ ከነዚህ ጋር አይወዳደሩም። እነሱ ቪዛ አይደሉም፤ ቪዛ የማይጠየቁ ፓስፖርቶች ብቻ የሚጠቀሙባቸው የጉዞ ፈቃዶች ናቸው።

የትኛውንም ብትመርጡ ፓስፖርቱ ራሱ ካላለፈ ዋጋ የለውም። ብዙ አገር ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር እንዲቀረው ይፈልጋል። ሸንገን ከወጣችሁ በኋላ 3 ወር ይበቃዋል፤ ግን ፓስፖርቱ ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ቀኑን ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት።

ቪዛው ላይ ያለውን ቀንም በደንብ አንብቡ። የአሜሪካ ቪዛ ላይ የተጻፈው ማብቂያ ለመግባት የመጨረሻው ቀን ነው፤ ስንት ጊዜ እንደምትቆዩ የሚወስነው ድንበር ላይ ያለው ኦፊሰር ነው። ሸንገን ደግሞ የሚቆጠረው በቀን ነው፤ በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም።

በመንገዳችሁ የምትቀይሩበትን ኤርፖርትም አትርሱ። አሜሪካ ላይ አውሮፕላን የሚቀይር ሰው ወደ ሌላ አገር እያለፈም ቢሆን ኢሚግሬሽን ያልፋል፤ ስለዚህ ቪዛ ወይም ኢስታ ያስፈልገዋል። የመዳረሻችሁ ቪዛ እጃችሁ ላይ ቢሆንም ትኬቱ በዚያ በኩል ከሆነ ሁለተኛ ማመልከቻ ይጠብቃችኋል። በሌላ ከተማ በኩል የሚያልፈው ትኬት ትንሽ ቢወደድም ያንን ምረጡ።