የሬዲዮ ጣቢያችሁን ማኅደር ለማንም ከማስረከባችሁ በፊት

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት ሴት ከአጋሮ ተነሥታ ጅማ ወዳለው ጣቢያችን መጣች። በእጇ ፍላሽ ይዛለች። አባቷ ከማረፋቸው በፊት በእኛ ሬዲዮ ቀርበው ስለ ቡና አያያዝ፣ ስለ ጥላ ዛፍና ስለ ድሮው ገበያ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግረው ነበር። «ወንድሜ፣ የአባቴን ድምፅ ቅዳልኝ፤ ልጆቼ አያታቸውን ይስሙ» አለችኝ። የተላለፈበትን ቀን ሳይቀር በወረቀት ጽፋ ይዛለች። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የፕሮግራሙ ርዕስ ይታያል፤ ድምፁ ግን አይከፈትም። የሚወጣው «አገልግሎትዎ በክፍያ ምክንያት ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ሴትየዋን ባዶ ፍላሿን አስይዤ መለስኳት።

በማኅበረሰብ ሬዲዮ በበጎ ፈቃድ የምታገለግሉ፣ በቦርድ የምትሠሩ፣ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የምትመሩ ሁሉ ይህ እንዳይደርስባችሁ እለምናችኋለሁ። ጉዳዩ በሽምግልና የተያዘ ስለሆነ ማኅደራችንን የያዘብንን ድርጅት ስም አልጠቅስም። የምታዩት ውል ግን ከዚህ ጋር ከተመሳሰለ እጃችሁን ሰብስቡ።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ሁለት ወጣቶች መጥተው የጋራ መድረክ የሚሉትን አሳዩን። ስርጭታችን በኢንተርኔት ይደመጣል፤ ፕሮግራሞቻችን በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ሌሎች ጣቢያዎች የእኛን ወስደው ያስተላልፋሉ፣ እኛም የእነርሱን። የመጀመሪያው ዓመት በነፃ። ሐሳቡ ዛሬም መልካም ነው እላለሁ። የአንድ አነስተኛ ጣቢያ ማሠራጫ ኮረብታ ሲገጥመው ድምፁ ይቀራል፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ያሉ ልጆቻችን ደግሞ የአገራቸውን ወሬ ይናፍቃሉ። አንድ ጣቢያ ስለ ወባ በአፋን ኦሮሞ ጥሩ ፕሮግራም ከሠራ ሌላው ለምን እንደገና ይደክማል? በደስታ ፈረምን።

የውሉ አንድ አንቀጽ «ወደ መድረኩ የተጫነ ይዘትና ተያያዥ መረጃ በአቅራቢው ይዞታ ሥር ይሆናል» ይላል። «ይዞታ» የምትለዋን ቃል እኛ «እናስቀምጥላችኋለን» ማለት መስላን አለፍናት። ከዚያ የባሰውን ጥፋት ግን የሠራነው ራሳችን ነን። የጣቢያው ኮምፒውተር ሞልቶ ስለነበር፣ አንድ ፕሮግራም በጫንን ቁጥር የእኛን ቅጂ ደመሰስን። ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ያዛወርናቸው የሽማግሌዎች ቃለ ምልልሶች ሳይቀሩ አብረው ሄዱ።

ዓመቱ ሲሞላ በቃል 2,500 ብር ይሆናል የተባለው የወር ክፍያ 9,000 ብር ሆኖ መጣ። አንችልም፣ ፋይሎቻችንን መልሱልን አልን። ለአንድ ሰዓት ቅጂ 150 ብር ተጠየቅን። የጫንነው 1,400 ሰዓት ያህል ስለነበር 210,000 ብር ማለት ነው። የገዛ ድምፃችንን ለመግዛት!

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ልሥራላችሁ፤ ብዙዎቻችን የምንታለለው ይህን ባለማወቅ ነውና። በሴኮንድ 128 ኪሎ ቢት የተቀዳ የኤምፒስሪ ድምፅ በሰዓት 58 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል። 1,400 ሰዓት ከ81 ጊጋ ባይት ብዙም አያልፍም። ያ ሁሉ የዓመታት ልፋት፣ ያ ሁሉ የሰው ድምፅ፣ ባለ 128 ጊጋ ባይት ፍላሽ ላይ ቦታ ተርፎት ይገባ ነበር። ሁለት ፍላሽ ገዝተን አንዱን በጣቢያው፣ አንዱን በቦርድ ሰብሳቢው ቤት ብናስቀምጥ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

ለናሙና ብለው የመለሱልን ጥቂት ፋይሎች ደግሞ ሌላ ጉድ አሳዩን። እኛ የጫንነው ቀን፣ የአዘጋጅ ስም፣ ቋንቋና ርዕስ ያለበት ፋይል ነበር፤ የተመለሰው ተከታታይ ቁጥር ብቻ የያዘ ነው። ማን መቼ እንደተናገረ የሚነግረው መረጃ እነርሱ ጋር ቀርቷል። በጋራ መድረክ ላይ ዋጋ ያለው ድምፁ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዝርዝሩ ከሌለ 1,400 ሰዓት ድምፅ በእጃችሁ ቢገባ እንኳ አንዷን ፕሮግራም ለማግኘት ሁሉንም ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው።

የሚያሳፍረኝ ግን የአድማጮቻችን ስልክ ነው። በጤና ፕሮግራማችን ሴቶች ለባሎቻቸው እንኳ ያልነገሩትን ጥያቄ በአጭር መልእክት ይልኩልን ነበር። መልእክቶቹ የሚያልፉት በዚያው መድረክ ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከመንደራና ከቦሳ አድማጮች እየደወሉ «ስልካችንን ለማን ሰጣችሁት?» ማለት ጀመሩ፤ የማያውቁት ማስታወቂያ ይጎርፍላቸው ነበር። ለእኛ ብቻ የተሰጠ ቁጥር ከእኛ እጅ ወጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዲሁ እንዳይውል ይከለክላል። አዋጁ መኖሩን የሰማነው ግን ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። የአድማጭን ስልክ በሌላ ሰው ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚያገለግል ኮምፒውተሩ ላይ አታስቀምጡ፤ ግድ ከሆነም ስሙን ከጥያቄው ለዩት።

የኢንተርኔት አድራሻችንም በድርጅቱ ስም ተመዝግቦ ስለተገኘ ትተነዋል። በዶት ኢቲ የሚያልቅ አድራሻ የሚመዘገበው በኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ በጣቢያችሁ ስም ራሳችሁ አመልክቱ።

«የራሳችን ፈጠራ» ብለው ዋጋ የቆለሉበት የኢንተርኔት ማሠራጫም አይስካስት የተባለው ሶፍትዌር መሆኑን በኋላ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ አሳየን። አይስካስት በነፃ ለማንም የተሰጠ ነው፤ የፕሮግራም ሰዓት የሚያስተዳድረው ሊብረታይምም እንደዚሁ። ሰርቨር መከራየትና የሚያውቅ ሰው መያዝ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለዚያ መክፈል ተገቢ ነው። ስንት አድማጭ በአንድ ጊዜ እንደሚፈቀድ ግን በውሉ ይጻፍ። እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን መስመር ስለሚወስድ፣ በ128 ኪሎ ቢት 100 ሰው ሲያዳምጥ በሴኮንድ 12.8 ሜጋ ቢት ያስፈልጋል። የእኛ ውል ጣሪያው 50 ነበር፤ ያወቅነው በአረፋ ዕለት ከጅዳ «አይከፈትም» የሚል ስልክ ሲበዛብን ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ አሥር ፕሮግራም ጫኑና በማግሥቱ ሁሉንም ከነዝርዝራቸው መልሱልን በሉ። በአንድ ቀን፣ ያለ ክፍያ፣ ስማቸው ሳይለወጥ ካልተመለሱ ወረቀቱን አትንኩት።

እኛ አሁን ከአዘጋጆች ስልክና ከየቤቱ ፍላሽ እየለቀምን ነው፤ 200 ሰዓት ያህል ተገኝቷል። የአጋሮዋ ሴት አባት ድምፅ ግን እስካሁን የለም። ከጥቅምት 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በዚያ መድረክ የነበራችሁ ጣቢያዎች፣ ከእኛ ወስዳችሁ ያስተላለፋችሁት የቡና ፕሮግራም ካለ ኮምፒውተራችሁን ፈትሹልን። አዛውንቱ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚናገሩት፤ መጀመሪያ ላይ ዝናብ በቆርቆሮ ሲወርድ ይሰማል። ካገኛችሁት ጅማ ድረስ መላክ አያስፈልጋችሁም፤ ንገሩን፣ ራሴ መጥቼ እቀዳዋለሁ።