ሞተርሆማችን ከወራት በኋላ፦ ቁም ሳጥኑ ሰፊ፣ የኋላ አክስሉ ደካማ

ሞተርሆም ማለት ተኝተው፣ አብስለው የሚጓዙባት፣ በጎማ የምትሄድ ቤት ናት። የእኛዋ ፍሪጇ ያቀዘቅዛል፣ ማሞቂያዋ ያሞቃል፣ ጣራዋ አያፈስም። አልጋው ከድሮው አልጋችን ይሻላል። ስለነዚህ ለማወቅ የመጣችሁ ከሆነ መልሱ ይኸው ነው። እኔ የምጽፈው ስለ ክብደት ነው። ሲሸጡልን ማንም ያላነሣው፣ ከገዛናት ወዲህ ግን ከአፋችን ያልተለየው እሱ ስለሆነ።

እኔና ባለቤቴ የገዛናት ከአገሪቱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ቤት ለመቀየር ነው። ዕቃውን ለጭነት መኪና ሰጥተን እኛ በየሆቴሉ ከምናድር፣ እየተኛንባትም እያበሰልንባትም ራሳችን ይዘነው እንሂድ አልን። ሻጩ ሐሳባችንን በጣም ወደደው። አልጋው ሥር ያለውን ትልቁን የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ወለል አድርጎ ከፍቶ «ብስክሌት እንደቆመ ይገባል፣ ቤታችሁን ጠቅልላችሁ ትሄዱባታላችሁ» አለን። እውነቱን ነው፣ ብስክሌቱ ይገባል። ቤታችንም ገባ። ግን በሩን ሁሉ አንድ በአንድ እየከፈተ ሲያሳየን ስለ ስፋት ብቻ ነበር ወሬው፤ ኪሎ የሚል ቃል ካፉ አልወጣም።

ነገሩ መጀመሪያ የገባት ባለቤቴ ናት። በፈጣን መንገድ ላይ እሷ እየነዳች ሳለ አንድ ተሳቢ ሲያልፈን መኪናዋ ወደ ጎን ተገፋች። «ና እስቲ አንተ ያዛት፣ መሪው ባዶ ባዶ ይለኛል» አለችኝ። ተቀያየርን። እንዳለችውም መሪው በአንድ ጣት ይዞራል፤ የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን የነኩ አይመስሉም፣ ዳገት ላይማ ይብሳል። ጎሚስታ ጋ ቆምን። ነፋሱን ለካ፣ ልክ ነው። ጎንበስ ብሎ የኋላውን ባሌስትራ አየና «የጎማ ጉዳይ አይደለም፤ ሚዛን ላይ አውጧት» ብሎ ሸኘን።

የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ወጣን። ሁለታችንም ውስጥ ተቀምጠን ጠቅላላው 3,460 ኪሎ መጣ። የተፈቀደላት 3,500 ነው፤ በአውሮፓ በተራ የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ የሚነዳው የመጨረሻው ክብደት ለረጅም ጊዜ ይኸው ስለነበር ብዙ ሞተርሆሞች እዚሁ ላይ ተወስነው ነው የሚሠሩት። ባለቤቴ «ተመስገን፣ አልፈናል» አለች። ከዚያ የፊቱንና የኋላውን ጎማዎች ለየብቻ መዘንናቸው፦ ፊት 1,370፣ ኋላ 2,090። የበሩ ሥር የተለጠፈው ሰሌዳ ደግሞ ለኋላ አክስል፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን ለሚያገናኘው ዘንግ፣ ከ2,000 በላይ አይፈቅድም። በጠቅላላው ያለፈች መኪና በኋላ እግሯ ወደቀች።

ምክንያቱ ያ ሻጩ ደስ ብሎት የከፈተው ትልቁ ማስቀመጫ ነው። ማስቀመጫው ያለው ከኋላ አክስል ሁለት ሜትር ያህል ወደ ውጭ ተርፎ ነው፤ በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት አራት ሜትር ነው። እዚያ ጫፍ ላይ 100 ኪሎ ስታስቀምጡ የኋላ አክስል የሚሸከመው 100 አይደለም፣ 150 ነው። ትርፉ 50 ከፊት የተነሣ ነው፤ ድንጋይ በዲጂኖ እንደሚፈነቀለው ኋላው ተጭኖ ፊቱን ያነሣዋል። መሪው ባዶ የሆነው ለዚህ ነበር። እና ወንድሜ ሻጭ፣ ይህን ሁሉ ቦታ እዚያ ጫፍ ላይ ሠርታችሁ «ሙሉት» ስትሉን አክስሉን የሠራው ሰው ምን አላችሁ?

«መጽሐፉ ላይ ተጽፏል» ይለኛል፤ አውቃለሁ፣ ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። ለመንገድ ዝግጁ ስትሆን 3,030 ኪሎ ይላል፤ ከ3,500 ሲቀነስ 470 ይተርፋል። ደስ ይላል። ሾፌሩ በ75 ኪሎ፣ ነዳጁም ዘጠና በመቶ ተሞልቶ ታስቦበታል። የሚጠጣው ውሃ ግን ታንከሩ 110 ሊትር ሲይዝ የተቆጠረው 20 ብቻ ነው፤ የቀረው 90 ኪሎ ከእኛ ድርሻ ይወጣል። የጎን ጥላ ሸራው፣ ሁለተኛው ባትሪ፣ የብስክሌት ማሠሪያው ከነብስክሌቱ ተደማምረው ሌላ 100 ኪሎ በሉ። የባለቤቴ ክብደትም አለ፤ እንድጽፈው ግን አልፈቀደችም። ለአንድ ሙሉ ቤት የቀረው 200 ኪሎ ትንሽ ቢያልፍ ነው። በደቃቅ ፊደል ከታች የተጻፈው ደግሞ የባሰ ነው፦ የአውሮፓ ሕግ ለዚያ 3,030 አምስት በመቶ ወዲህ ወይም ወዲያ እንዲል ይፈቅዳል። ያ ከ150 ኪሎ በላይ ነው! መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ በዚያ ልክ ከብዳ ብትወጣ ማንም አይጠየቅም፣ ለእኛ የሚተርፈው ግን ያው ሃምሳ ስልሳ ኪሎ ነው።

ከሚዛኑ ወርደን መንገድ ዳር ድርድር ገጠምን። ከኋላው ማስቀመጫ ውስጥ ዋናው ከባድ ነገር የእናቷ የስፌት መኪና ነው፤ ከነብረት እግሩ ለሁለት ካልሆነ አይነሣም። «ሰው ጋ እናቆየው» አልኩ። «መጀመሪያ መጻሕፍትህን ሰው ጋ አቆያቸው» አለችኝ። ምንም ሳንጥል ቦታ መቀየሩ ብቻ ምን ያህል እንደሚያግዝ ያሰላችው እሷ ናት። የስፌት መኪናውንና የመጻሕፍቱን ካርቶኖች፣ ባንድ ላይ 100 ኪሎ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ሁለቱ አክስሎች መሐል አስገብተን ወለሉ ላይ ካሉት የብረት ቀለበቶች ጋር በቀበቶ ጠፍንገን አሠርናቸው። ጠቅላላው ያው 3,460፤ የኋላው ግን 1,990። መሪውም እንደገና ክብደት ኖረው። እስክንደርስ ድረስ እራት የበላነው እግራችንን አጥፈን ነው።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። ንጹሕ ውሃው ያለው መሐል ነው፣ የታጠብንበት ውሃ የሚጠራቀመው ግን ከኋላ አክስል በስተኋላ። ስለዚህ ሻወር በወሰድን ቁጥር አንድ ግራም ሳትጨምር ኋላዋ ይከብዳል። ያገለገለውን ውሃ ሳንደፋ አንነሣም፤ የመድፊያ ቦታ ካልተገኘ ደግሞ ሳይታጠቡ ማደር ነው። የመሐንዲሱን ሥራ እኛ በፎጣ እየሠራንለት ነው ማለት ነው።

ትሸጣት ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልሸጣትም። ደርሰናል፣ ዕቃው ወርዷል፣ ባዶዋን ስትነዳ ሌላ መኪና ናት፤ አሁን ለሽርሽር ስንወጣባት ቅሬታ የለኝም። ባለቤቴ አራት ኮከብ ስጣት ትላለች፣ እኔ ግን ለቤት መቀየሪያ ተብላ ስለተሸጠችልኝ ከሁለት አላልፍም። ለመግዛት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሻጩ በር መክፈት ሲጀምር አስቁሙትና ሁለቱ አክስሎች ለየብቻ የተመዘኑበትን ወረቀት ጠይቁት። ወረቀት የለኝም ካለ ሚዛን ድረስ አብሯችሁ ይሂድ።