«ኮምፕሊት ነው፣ ሰክቶ ማጫወት ብቻ ነው» ብሎ የሞዴል ባቡር ለሚሸጥላችሁ ሰው ቀብድ እንዳትልኩ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ እዚህ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ) ላላችሁ ወላጆች። ፈረንጅ ገና ሊደርስ ነው፣ ልጆችም ባቡር ባቡር ማለት ጀምረዋል፣ ስለዚ እኔ የተላጨሁትን ልንገራችሁና እናንተ ቢያንስ በሌላ ነገር ተሸወዱ። 480 ዶላር ነው የወጣው፣ ቫን የተከራየሁበትንና ሁለት ሌሊት ቤዝመንት ውስጥ ተንበርክኬ ያደርኩትን ሳልቆጥር።

ልጄ 8 አመቱ ነው። ባልቲሞር ያለውን የቢ ኤንድ ኦ የባቡር ሙዚየም ከወሰድኩት ቀን ጀምሮ በቃ ሌላ ወሬ የለም። እኔም ብሆን የድሬ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ሸመንደፈር ወርክሾፕ ነው የሰራው፣ ፉርጎ ከፉርጎ ሲጋጭ እየሰማሁ ነው ተኝቼ ያደግኩት፣ ስለዚ እውነቱን ለመናገር ከልጁ በላይ የቋመጥኩት እኔ ነኝ። ሚስቴ «ለማን ነው ምትገዛው?» ስትለኝ «ለልጁ ነዋ» እላለሁ፣ እሷም ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ።

ከዛ አንድ የሀበሻ የእቃ መሸጫ ግሩፕ ላይ ፎቶ አየሁ። 4 ጫማ በ8 ጫማ የሆነ የኮምፔንሳቶ ጠረጴዛ፣ ላዩ አረንጓዴ፣ ተራራ አለው፣ ዋሻ አለው፣ ጣቢያ አለው፣ ሁለት ሎኮሞቲቭ፣ ወደ ሀያ ፉርጎ፣ ካርቶን ሙሉ ተጨማሪ ሃዲድ። «ኮምፕሊት ነው፣ ሁሉም ይሰራል፣ ዲጂታል ነው፣ 650» ይላል። ደወልኩ፣ ትልቅ ሰውዬ ናቸው፣ ድምጻቸው እንደ አባት ነው፣ «ልጄ ሰክተህ ማጫወት ብቻ ነው» አሉኝ። 480 ተስማማን፣ ሌላ ሰው እንዳይወስድብኝ 200ውን እዛው በዜል፣ ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላከው፣ ላክኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ እሱ ነው። ሲሰራ የሚያሳይ ቪዲዮ ስጠይቃቸው ላኩልኝ፣ 11 ሰከንድ ነው፣ ሎኮሞቲቯ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብላ ትሄድና ኩርባው ጋ ልትደርስ ስትል ቪዲዮው ያልቃል። አያችሁ አይደል? እኔ ግን ያኔ አላየሁም፣ መብራቷን ነበር የማየው።

ላነሳ ስሄድ «እስቲ አንዴ ዙር ትሂድና እንያት ጋሼ» አልኩ። «ውይ ትራንስፎርመሩን አሽጌው ካርቶን ታች ገባ» አሉኝ። በዚ መሀል ባለቤታቸው ቡና ይዘው መጡ። በሉ እስቲ ንገሩኝ፣ የሰው ቤት ቁጭ ብላችሁ ሁለተኛውን ስኒ ይዛችሁ «አይ ካርቶኑን ፍቱልኝ» ትላላችሁ? እኔ አላልኩም። ቀሪውን 280 ካሽ ቆጥሬ ሰጥቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

ቤት ስንደርስ ደግሞ ጠረጴዛው የቤዝመንቱን ደረጃ ኩርባ አላልፍ አለ። ከጎረቤቴ ጋር አንድ ሰአት ታግለን መጨረሻ ላይ መሀሉን በመጋዝ ከነሃዲዱ ቆረጥነው። ይሄ የሻጩ ጥፋት አይደለም፣ ግን እናንተም ደረጃችሁን ለኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። መጀመሪያ የሰካሁት ትራንስፎርመሩን ነው፣ ማለቴ ልሰካው ስል ገመዱን ሳጥፈው ላስቲኩ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጠቀና መዳቡ ብቅ አለ። ያ 110 ቮልት የሚገባበት ጎን ነው እንግዲህ፣ ልጅ እጁን የሚያሳርፍበት። ወረወርኩትና ከአንድ ፈረንጅ የስራ ባልደረባዬ ሌላ ተዋስኩ። ሎኮሞቲቯን አስቀመጥኩ፣ ቀጥታው ላይ ሄደች፣ ኩርባው ጋ ስትደርስ ቆመች። ገፋ ሳደርጋት አንድ ስንዝር ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ሃዲዱን ጎንበስ ብዬ ሳየው ቢጫ ነው፣ ናስ ነው። ናስ ሲቆይ ላዩ ላይ የሚፈጠረው ዝገት መሰል ነገር ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፣ በጨርቅና በአልኮል ሳሸው ጨርቁ ከሰል መሰለ። እና ምን አየሁ መሰላችሁ፣ ያቺ ቪዲዮው ላይ ያለችው ቀጥታ ቁራጭ ብቻ እንደ ወርቅ ታበራለች። እሷ ብቻ ተጠርጋለች። እኔ ሰውዬውን «ሳያውቁ ነው» ብዬ ልተዋቸው ስል ይሄ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ናስ እያጸዳችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፣ ግን ለጀማሪ ልጅ በየሳምንቱ ሃዲድ መፈተግ ቅጣት ነው። ዛሬ ሚፈለገው ኒኬል ሲልቨር ሚሉት ነው፣ ስሙ ነው እንጂ ብር የለበትም፣ መዳብ ኒኬልና ዚንክ ነው፣ ከለሩ ነጣ ይላል። ከብረት የተሰራም አለ፣ እሱ ደግሞ ይዝጋል። ስለዚ ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከያዘው ብረት ነው፣ ካልያዘው ከለሩን እዩ፣ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው።

ሃዲዱን ስጨርስ ፉርጎዎቹን መደርደር ጀመርኩ። አራቱን ስጭን ደህና፣ አምስተኛውን ሳስቀምጠው ትራንስፎርመሩ ቀጭ አለና ጠፋ። ሾርት። አነሳሁት፣ ሰራ። መለስኩት፣ ጠፋ። እስከ ሌሊቱ 8 ሰአት ሽቦ ስፈትሽ ነበር፣ ሽቦው ምንም የለበትም። ገልብጬ ሆዱን ሳየው ሜርክሊን ይላል። ሜርክሊን ከ1859 ጀምሮ ያለ የጀርመን ድርጅት ነው፣ እቃው በጣም ጥሩ እቃ ነው፣ ችግሩ የእነሱ የኤች ኦ (የባቡሩ መጠን ስም ነው) ሲስተም ሌላ መሆኑ ነው። ሁለቱ ሃዲዶች አንድ ላይ አንደኛው መስመር ናቸው፣ ሁለተኛው መስመር መሀል ላይ በተደረደሩ ትንንሽ ነጥቦች በኩል ነው የሚመጣው፣ ሎኮሞቲቩም ሆዱ ስር ባለ መንሸራተቻ ከዛ ይወስዳል። ስለዚ የግራና የቀኝ ጎማውን ማለያየት አያስፈልጋቸውም። እኛ ጋ ባለው ተራ ሁለት ሃዲድ ላይ ግን ግራው አንድ መስመር ቀኙ ሌላ መስመር ነው፣ ያንን ፉርጎ ስታስቀምጡት አክሰሉ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ከሀያው ፉርጎ ሰባቱ እንደዛ ነበሩ። ቴስተር ካላችሁ አንዱን ጫፍ በግራ ጎማ ሌላውን በቀኝ ጎማ አድርጉት፣ ጢጥ ካለ ለናንተ አይሆንም።

የሃዲዱ ስፋት እኮ አንድ ነው፣ 16.5 ሚሊሜትር። ያሳሳተኝም እሱ ነው። ኤች ኦ ማለት ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው፣ 16.5ን በ87 ብታባዙት ያ 1435 ሚሊሜትር የሚባለው የአለም መደበኛ ስፋት ጋ ይመጣላችኋል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ አዲሱ መስመር ማለት ነው። የኛ የድሮው፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ለገሃር የደረሰው፣ አንድ ሜትር ነበር። አዲሱ ባቡር በድሮው ሃዲድ እንደማይሄድ ማንኛውም የድሬ ልጅ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ እንግዲህ እያወቅኩ ነው ጠረጴዛ ላይ የተሸወድኩት። አንድ ሜትሩን በኤች ኦ መስራት ለሚፈልግ 12 ሚሊሜትር ሃዲድ አለ፣ ኤች ኦ ኤም ይሉታል፣ አንድ ቀን እደርስበታለሁ።

ማያያዣውስ? ግማሾቹ ላይ ያለው የድሮው ቀንድ የሚመስል ፕላስቲክ ነው፣ ግማሾቹ ላይ እንደ እጅ ጭብጥ የሚያዘው አዲሱ ነው፣ ሁለቱ እርስ በርስ አይያያዙም። ልጄ በላስቲክ አስሮ ሊያስኬዳቸው ሞከረ፣ ፎቶ አንስቼዋለሁ።

«ዲጂታል ነው» ያሉኝ ሁለተኛዋ ሎኮሞቲቭ ናት። ይሄን በደንብ አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም በዚ ሰው ሁሉ ነው የሚሸወደው። ካርቶኗ ላይ «ዲሲሲ ሬዲ» ይላል፣ ዲሲሲ ማለት ያ ዲጂታል የሚሉት ሲስተም ነው። ሬዲ ማለት ዝግጁ ነው አይደል፣ ሰው ሰምቶ «በቃ ዲጂታል ናት» ይላል። አይደለችም! ሬዲ ማለት ዲኮደር፣ ዲጂታሉን ትእዛዝ የሚቀበለው ትንሽ ሰርኪት፣ የሚገባበት ሶኬት አላት ማለት ነው፣ ዲኮደሩ ራሱ የለም፣ ለብቻው ትገዙታላችሁ፣ ድምጽ ያለውን ከፈለጋችሁ አንዳንዴ ከሎኮሞቲቯ ይወደዳል። ዲኮደሩ በውስጧ ያለው «ዲሲሲ ኢኩዊፕድ» ወይ «ዲሲሲ ኦን ቦርድ» የሚለው ነው። ዲኮደር የሌላትን ደግሞ ዝም ብላችሁ ዲጂታል ሃዲድ ላይ እንዳታስቀምጧት፣ ሞተሯ እንደ ንብ ይጮሃል፣ ይሞቃል፣ ከቆየ ይቃጠላል። በነገራችን ላይ ለጀማሪ ልጅ ዲጂታል አያስፈልግም፣ ተራው ዲሲ፣ አንድ ቁልፍ ማዞር፣ ይበቃዋል። እኔ ራሴ «ዲጂታል» የሚለው ቃል ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት።

የመጀመሪያዋ ሎኮሞቲቭ ደግሞ ሃዲዱ ከጸዳ በኋላም ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለች ነው ምትሄደው። ስፈታት አክሰሉ ላይ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ጋ በደረሰ ቁጥር ትዘላለች። ይሄ በድሮ ሎኮሞቲቮች የተለመደ ነው፣ ጥርሱ ተገኝቶ ይቀየራል፣ ግን ለመስማት አንድ ሙሉ ዙር በዝግታ መሄድ አለባት፣ በ11 ሰከንድ ቪዲዮ፣ ሙዚቃ ተደርጎበት፣ አይሰማም።

ሶስት ረጃጅም የመንገደኛ ፉርጎዎችም ነበሩ፣ ወደ 30 ሳንቲሜትር የሚሆኑ፣ በጣም ያምራሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኩርባ ግን ራዲየሱ 18 ኢንች ነው፣ እነሱ እዛ ላይ ሲዞሩ ይወጣሉ። የጠረጴዛው ወርድ 4 ጫማ ስለሆነ ከ22 ኢንች ብዙ ማስፋትም አይቻልም። ጣቢያው ደግሞ ሳስበው ያስቀኛል፣ የኤን መጠን ነው፣ ማለትም 160 ጊዜ ያነሰው፣ ከኤች ኦ ሰውዬ ጎን ስታቆሙት በሩ ወገቡን አልፎ ደረቱ ጋ ነው የሚደርሰው፣ ትኬት ለመቁረጥ በዳዴ መግባት አለበት።

ደወልኩላቸው። «ልጄ እኔ እኮ ባቡር አላውቅም፣ የስቶሬጅ ጨረታ ላይ ነው ያነሳሁት፣ አንዱ ከአንዱ ይቀላቀላል» አሉኝ። «ታዲያ ኮምፕሊት ነው ያሉኝስ?» ስላቸው «እቃው ሙሉ ነው፣ ምን ጎደለ?» አሉ። በሚቀጥለው ቀን ስደውል ስልኩ አልገባ አለኝ። ባንኬ ጋ ስደውል «ራስህ ነህ የላክኸው፣ ማንም አልሰረቀህም» ነው ያሉኝ፣ እሱም እውነት ነው፣ ዜል ለምታውቁት ሰው መላኪያ ነው፣ እቃ ለመግዛት ጥበቃ የለውም። ፔይፓልም ቢሆን «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው ከላካችሁ እንደዛው ነው።

የሚገርመው ነገር ብዙው እቃ ለብቻው ሲታይ መጥፎ አይደለም። ለራሱ ሲስተም ቢሆን የሚሰራ ነው፣ አብሮ ግን አይሰራም፣ ጀማሪ ደግሞ ይሄን ማየት አይችልም። ስለዚ ውራጅ ምትገዙ ከሆነ ለሻጩ አንድ ነገር ብቻ በሉት፦ ያላችሁን ፉርጎዎች በሙሉ አያይዙና ሶስት ዙር አስኪዱልኝ፣ ከዛ ወደኋላ። ካልሆነ ቡናውን ጠጥታችሁ ውጡ።

እኔ መጨረሻ ላይ ምን አደረግኩ፣ ቲሞኒየም የስቴት ፌር ግራውንድ በሚደረገው የሞዴል ባቡር ሾው ሄጄ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጠረጴዛው ላይ እያስኬደ የሚሸጠውን ትንሽ ሴት (የባቡር ሴት ነው እንግዲህ፣ ሚስቴም እዚሁ ናት) ገዛሁ። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ አራት ፉርጎ፣ ክብ ሞላላ ሃዲድ ከነፕላስቲክ መሰረቱ የሚገጣጠም፣ ከዛ ቅራቅንቦ ዋጋ ግማሽ በታች። ልጁ ራሱ በአስር ደቂቃ ገጣጠመው። አረንጓዴው ጠረጴዛ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ጋራዥ ቆሟል፣ ተራራውን ብቻ ነቅለን ወስደናል።

ሰባቱ የሜርክሊን ፉርጎዎች ካርቶን ውስጥ ናቸው። ባለ መሀል ነጥቡ ሲስተም ያለው ሰው፣ በተለይ ጀርመን ኖራችሁ ይዛችሁት የመጣችሁ ካላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በነጻ ነው ምሰጠው። መጀመሪያ ግን ሃዲዳችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።