ሽምብጥ ያለው የጭቃ ቤት ወይስ አባይ ማዶ ያለው ብሎኬት?

የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር ቤት ልትገዛ ስትዞር ከርማ በመጨረሻ ሁለት ላይ ቆመች። አንዱ ሽምብጥ ነው፣ ወደ ሐይቁ ጠጋ ያለ። የድሮ የጭቃ ቤት፣ ሳሎንና ሁለት መኝታ፣ ማድ ቤቱ ውጭ፣ ግቢው ግን 480 ካሬ። ሌላው አባይ ማዶ፣ ከተሠራ ሦስት ዓመት ያልሞላው ብሎኬት፣ ሴራሚክ የለበሰ፣ ግቢው 150 ካሬ። የተጠየቀባቸው ዋጋ ብዙም አይራራቅም። «አንተ ብትሆን የቱን ትገዛለህ?» አለችኝ። ቅዳሜና እሁዴን ሰጥቼ አብሬያት ዞርኩ። (ኮንዶሚኒየም ለምን አላያችሁም የሚል አይጠፋም። እናቷ በግ ሳያስሩና ጌሾ ሳይተክሉ መኖር አይችሉም፣ ስለዚህ እሱ ገና ከጅምሩ ወደቀ።)

የጭቃውን ቤት ዋጋ የሰማ ሁሉ «ለዚህ?» ይላል። እኔም ብያለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል ውሉ ላይ የሚጻፈው «ቤት» ነው፤ ሻጩም ደላላውም ገዢውም ግን ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ስለ ካሬ ነው። ይሄ ነገር ቀልድ ይመስላል። የሚያስለቅስበት ቦታ ግን አለ፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ቤቶቹን እንይ መጀመሪያ።

ሽምብጥ ስንደርስ ደላላው ያሳየን ማንጎውን ነው። ከዚያ አቮካዶውን። ከዚያ ደግሞ ማንጎውን። እኔ ኪሴ ውስጥ ካቻቪቴ ይዤ ነበር። የጭቃ ቤት ጤና ያለው ከታች ነው፣ ልስኑ መሬት በሚነካበት ቦታ። ባለቤቷን እትዬን አስፈቅጄ ጥግ ጥጉን ትንሽ ፍቄ ቋሚዎቹን ወጋኋቸው። ካቻቪቴው ዳቦ ላይ እንደገባ ዝም ብሎ ከሰመጠ፣ ምስጥ ወይ እርጥበት እንጨቱን ጨርሶታል። እዚህ ቤት መሠረቱ ድንጋይ ስለሆነ አብዛኛው ደህና ነው፣ በማድ ቤቱ በኩል ያሉ ሁለት ቋሚዎች ግን ተበልተዋል። ምክንያቱ ቀና ሲሉ ይታያል፦ ጣራው አሸንዳ የለውም፣ የክረምቱ ውሃ በሙሉ እዚያ ጥግ ላይ ይወርዳል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ክብ ነገር አለ፣ ቆርቆሮው አንድ ሁለት ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። የመብራት ሽቦው የድሮ ነው፣ መቀየር አለበት። ሊሾው ተሰነጣጥቋል፣ ይሁን።

አባይ ማዶ ያለው ቤት ሲገቡበት ደስ ይላል፣ እውነቱን ለመናገር። ግን የመኝታ ቤቱ መስኮት ጥግ ላይ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ አየሁ። ባለቤቱ «የቀለም ነው» አለ። ፀጉር የምታህል ብትሆን አምነው ነበር፤ ይሄኛው ሳንቲም ያስገባል። ባሕር ዳርና ዙሪያው ጥቁር አፈር ብዙ ነው፣ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ እሱን አልፎ ጠንካራ አፈር ወይም ድንጋይ ላይ ካልደረሰ፣ ቤቱንም ይዞት ይነሣል ይወርዳል። የጭቃው ቤት ስንትና ስንት ክረምት ተሻግሮ ጉድለቱን ሁሉ አውጥቶ አሳይቷል፤ ብሎኬቱ ገና ሦስት ክረምት ነው ያየው። አዲስ ቤት የምትገዙ ሰዎች፣ ለአንድ ኢንጂነር የግማሽ ቀን ከፍላችሁ አሳዩ። ከሴራሚኩ አይበልጥም።

ስለ ሙቀቱም ልበል። ሁለቱንም ያየናቸው እኩለ ቀን ላይ ነበር። የጭቃው ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ይላል። ብሎኬቱ ከነቆርቆሮው ምጣድ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ አስቡት።

አሁን ወደ ግቢው። የድሮ ግቢ ለምን እንዲህ ሰፋ የሚል ካለ፣ ሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ይፈቅድ ነበር። ዛሬ ያን የሚያህል ቦታ በሊዝ ጨረታ ልውሰድ ብትሉ ራስ ምታት ነው። 480 ካሬ ላይ ሰርቪስ ሠርቶ ማከራየት ይቻላል፣ አሮጌው ቤት ሳይፈርስ ከጎኑ ሌላ መጀመር ይቻላል። 150 ካሬ ላይ ያለው አማራጭ ወደ ላይ መውጣት ብቻ ነው፣ እሱም መሠረቱ ከቻለ።

ግን 480 ማን አለ? ደላላው። ሜትር ይዘን ለካን፣ አጥሩ እውነትም 480 ገደማ ነው። ካርታው ላይ የተጻፈው ግን 410። ሰባ ካሬው ከድሮ ጀምሮ አጥሩ ውስጥ ስላለ የእትዬ ይመስላል እንጂ ወረቀት የለውም። ዋጋው ግን በ480 ተሰልቶ ነው የተጠራው! እኔ በ410 አካፍዬ ሳሳየው ደላላው «ጋሼ፣ አጥሩ እኮ አለ» አለኝ። አጥር ካርታ አይደለም። ለትርፉ ቦታ ከከፈላችሁ፣ ነገ ማዘጋጃ ቤት ሲለካ በገንዘባችሁ የሰው ጣጣ ገዛችሁ ማለት ነው።

ከሐይቁ አጠገብ ያለ ቦታ ሌላም ነገር አለው፦ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ክረምት ላይ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ቤት ማየት ያለባችሁ ነሐሴ ላይ እንጂ ጥር ላይ አይደለም፤ ካልሆነም ጎረቤት ጠይቁ፣ «ክረምት ሲሆን መኪና ስንቴ ያስመጥጣሉ?» ብላችሁ። አባይ ማዶ በዚህ በኩል እፎይ ነው። ድሮ «ከድልድዩ ማዶ ማን ይሄዳል» ይባል ነበር፣ አሁን 380 ሜትሩ አዲስ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ መሻገሩ ሰበብ አይሆንም።

ወረቀቱ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። እትዬ «ነባር ይዞታ ነው፣ ሊዝ የለበትም» አሉን፣ ከሊዝ በፊት የተያዘ ቦታ ማለታቸው ነው። አልዋሹም፣ ለእሳቸው እንደዚያ ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ 721 ግን ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል ይላል። ማለትም ለገዢ ሲደርስ ሊዝ አለበት። ይህን ሳትጨምሩ ሁለቱን ዋጋ ብታወዳድሩ ሒሳቡ ገና ከመጀመሪያው ተሳስቷል። ብሎኬቱ ከጥንቱም በሊዝ የተያዘ ነው፣ እዚያ የሚጠየቀው ስንት ተከፍሎ ስንት እንደቀረ ብቻ ነው። ደረሰኙን እዩ፣ የሻጩን ቃል ተዉት።

ሁለተኛ፣ የድሮ ቤት ሲሆን ብዙ ጊዜ የውርስ ጉዳይ አለበት። ካርታው በእትዬ ሟች ባል ስም ነው፣ ልጆቹ አምስት ናቸው፣ አንዱ ውጭ አገር። አራቱ ፈርመው አንዱ ቢቀር ያ አንድ ሰው ነገ ክስ ይዞ ይመጣል።

ሦስተኛውና እኔን የሚያስፈራኝ የከተማው ፕላን ነው። ሐይቅ ዳርና ዋና መንገድ ዳር ያለ ሰፊ ቦታ የሁሉም ዓይን ያርፍበታል። መንገድ ሲሰፋ ወይም የኮሪደር ልማት ሲመጣ ቦታው ከተነካ ካሳው የሚሰላው መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው። ቅድም ቀልድ ይመስላል ያልኩት እዚህ ላይ ነው የሚያስለቅሰው፤ ለካሬ ከፍላችሁ የጭቃ ቤት ካሳ ትቀበላላችሁ፣ ምትክ ቦታውም የት እንደሚሆን አታውቁም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ቦታው ለምን እንደተመደበና ስንት ፎቅ እንደሚጠይቅ አረጋግጡ። ቀብድ ደግሞ በዋዛ የሚሰጥ አይደለም፣ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በሕጉ ይቀርባችኋል፤ ሻጩ ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። በመንደር ውል (መንግሥት ዘንድ ባልተመዘገበ ማለት ነው) ደግሞ አትግዙ፣ በቃ።

እና የቱን? ብድር ካሰባችሁ ብሎኬቱ ይቀላል፣ ባንክ የጭቃ ቤት በመያዣነት ሲቀርብለት ፊቱን ያጠቁራል። ያላችሁን ሁሉ ግዢው ላይ ጨርሳችሁ ለአሸንዳ እንኳ የማይተርፋችሁ ከሆነም ብሎኬቱን ውሰዱ፣ ስንጥቁ ከታየ በኋላ። የተወሰነ ገንዘብ ተርፏችሁ አራት አምስት ዓመት በጭቃው ቤት ለመኖር ከቻላችሁ ግን እኔ ሽምብጥን እመርጣለሁ፣ በ410 ካሬ ዋጋ፣ ለሁለቱ ቋሚ፣ ለጣራውና ለሽቦው የሚወጣው ተቀንሶ። ሽማግሌ እናት ይዛችሁ የምትገቡ ከሆነ ውጭ ያለውን ማድ ቤትና ሽንት ቤት አስቡበት፤ የአክስቴ ልጅ እሱን ስታስብ ነው ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያጣችው።

አሁን ወደ ሽምብጡ አዘንብላለች። እትዬ በ410 ተስማምተዋል፣ ደላላው አኩርፏል። ቀብድ ግን አልከፈለችም፤ ውጭ ያለው ልጅ ውክልና እስኪልክ እየጠበቅን ነው፣ እሱም ስልክ አያነሣም።