መቶ በመቶ ዕድገት? የአንድ የንባብ ማጠናከሪያ ፕሮግራም ግምገማ ከሀዋሳ

ልጄ በምትማርበት በሀዋሳ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ በሁለተኛው ሴሚስተር የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን የአማርኛ ንባብ ያሻሽላል የተባለ የማጠናከሪያ ፕሮግራም ተሰጥቶ ነበር። ክፍያው ለ10 ሳምንት 3,000 ብር ሲሆን፣ ልጆቹ ረቡዕና ዓርብ ከመደበኛው ትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት ይማሩ ነበር። በመዝጊያው ዕለት ለየወላጁ የታሸገ ፖስታ ታደለ። በእኔ ፖስታ ውስጥ የነበረው ወረቀት ልጄ ስትጀምር በደቂቃ 31 ቃላት ታነብ እንደነበርና ስትጨርስ 62 እንደደረሰች፣ ዕድገቷም መቶ በመቶ መሆኑን ይገልጻል። ይህን ግምገማ ያጻፈኝ ይኸው መቶ በመቶ የሚለው ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ ከማየው ጋር አልገጠመልኝም።

የመንግሥት የትምህርት ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ 4 ሲመድብ ግብዓትን፣ ሂደትንና ውጤትን ለየብቻ ይመዝናል፤ ከመቶው ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 ይይዛል። አመዳደቡ ለትንሽ ፕሮግራምም የሚያገለግል ስለመሰለኝ ያየሁትን በዚሁ ቅደም ተከተል አቀርባለሁ። ነጥብ ግን አልሰጥም፣ አንዲት ልጅ ይዤ ነጥብ ልስጥ ብል እኔም የምተቸውን ስሕተት እሠራለሁና።

በግብዓት በኩል የሚወቀስ ነገር ጥቂት ነው። ክፍሉ ብርሃን ያለው ነው፤ የተመዘገቡት ልጆች 24 ብቻ ነበሩ፤ መምህርቷ ሥራዋን የምታውቅ ናት፤ በሥዕል ያሸበረቀ ሞጁልም ለሁሉም ታድሏል። (የሞጁሉ ዋጋ በክፍያው ውስጥ ተካቷል ከተባለ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ለፎቶኮፒ 50 ብር መጠየቁን ግን ሳላነሳ አላልፍም።) አስተባባሪው በመክፈቻው ስብሰባ ስለ ሞጁሉ ወረቀት ጥራት ሳይቀር ሲያብራሩ ትዝ ያለኝ በምዕራብ ኬንያ የተደረገ ጥናት ነው። በዚያ ለገጠር ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍት በነጻ ታድለው፣ መጻሕፍቱ ካልደረሷቸው ትምህርት ቤቶች ጋር ሲነጻጸሩ አማካይ ውጤታቸው ከፍ ሳይል ቀረ፤ የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ተማሪዎች ናቸው። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ቋንቋው ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛቸው ነበር። ከጥናቱ ባለቤቶች አንዱ የሆነው ማይክል ክሬመር በ2019 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ተጋርቷል። ልጁ ሊያነበው የማይችለው ሞጁል፣ ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቦርሳ ከማክበድ አያልፍም።

ሂደቱ ሁለት መልክ ነበረው። ዓርብና ቅዳሜ መምህርቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፣ 24ቱም በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች ይህን ዜማ እናውቀዋለን፤ ነገር ግን የኔታ ከጋራ ጩኸቱ በኋላ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አቅርበው፣ በስንደዶ እያመለከቱ ሳያስቆጥሩ አያሳልፉም ነበር። ሀሁን በዜማ የጨረሰ ልጅም አቡጊዳን ይጀምራል፤ ቅደም ተከተሉ ተቀያይሮ ሲመጣበት ፊደሉን በዐይኑ ይለይ ወይም ዜማውን ብቻ ይዞ እንደሆነ እዚያ ላይ ይታወቃል። በዓርቡና በቅዳሜው ክፍል የቀረው ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

ረቡዕ ግን ሌላ ነበር። አንድ ረቡዕ ልጄን ልወስድ ቀደም ብዬ ደርሼ በመስኮት ቆሜ ተመልክቻለሁ። መምህርቷ ልጆቹን በሦስት ቦታ አስቀምጣቸዋለች፦ ገና ፊደል የሚለዩ፣ ቃል የሚያነቡ፣ ምንባብ የሚያነቡ። ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተቀምጣ ጠረጴዛው ላይ በማርከር ፊደል የተጻፈባቸውን የለስላሳ ቆርኪዎች በትናለች። ቤቱ ሲዳምኛ የሚነገርበት አንድ ልጅ «ቤት» የሚለውን «ቢት» እያለ ሲያነብ፣ ሁለቱን ቆርኪዎች ጎን ለጎን አድርጋ እግራቸውን በጣቱ አስነካችው፤ በአንደኛው ላይ ቀለበቷን፣ በሌላው ላይ ቀጥ ያለችውን ጭረት። ልጁ በሲዳምኛ ክፍለ ጊዜ በላቲን ፊደል፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ በግዕዝ ፊደል ያነባልና ግራ መጋባቱ የሚያስገርም አልነበረም። ሦስት ጊዜ ተሳስቶ በአራተኛው «ቤት» አለ፣ ቆርኪውንም ለራሱ አስቀረው። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በዕድሜና በክፍል መመደቡን ትቶ ባሉበት የንባብ ደረጃ መድቦ ማስተማርን አስፋፍቷል፤ ዘዴውም በተደጋጋሚ የንጽጽር ጥናቶች ውጤታማ ሆኖ ተገኝቷል። መምህርቷ ይህን ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኋትም። ፕሮግራሙ በሳምንት ሦስቱንም ቀን እንደ ረቡዕ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ቃና እጽፈው ነበር።

ወደ ውጤቱ ልምጣ። በደቂቃ የሚነበቡ ቃላትን መቁጠር የታወቀ መለኪያ ነው። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ የታየው በዚህ መለኪያ ነው፤ ሲዳምኛም ከተመዘኑት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ ቅሬታዬ በመለኪያው ላይ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያው ቀንና በመጨረሻው ቀን የፈተነው በአንድ ምንባብ ነው፤ ያው ምንባብ ደግሞ በሞጁሉ አራተኛ ገጽ ላይ ታትሟል።

ፖስታውን በከፈትኩ ማታ ልጄን ኩሽና ውስጥ አስቀምጬ ያንኑ ገጽ አስነበብኋት። መሐል ላይ ስትደርስ የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮች በመዳፌ ሸፈንኳቸው። ሳታቋርጥ ቀጠለች፣ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ። ቀና ብላ አይታኝ «አባዬ፣ እኔ እኮ በቃሌ ነው የማውቀው» አለችኝ፣ በኩራት። ከዚያ ከጎረቤት የተዋስኩትን የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ከፍቼ አይታው የማታውቀውን ምንባብ በስልኬ ሰዓት ይዤ አስነበብኋት፤ 44 ቃላት አነበበች። ከቃላቱ አንዱ «ዋና» ነበር፦ ልጆቹ ከዋና በኋላ ራባቸው ይላል። እሷ ግን «ዋናው መንገድ» እንደምንለው አጥብቃ አነበበችው። በሐይቅ ዳር ያደገች ልጅ ዋና ምን እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ ትርጉሙን ያልተከተለ አንባቢ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይጋለጣል። በደቂቃ ቆጠራው ግን ቃሉ እንደ ትክክል ይያዝላታል። ልጆቹ ለምን እንደራባቸው ስጠይቃት መልስ አልነበራትም፤ ትምህርት ቤቱም እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም።

ከ31 ወደ 44 መድረስም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሆኖም ምን ያህሉ የፕሮግራሙ ነው? የጎረቤቴ ልጅ እዚያው ክፍል ይማራል፤ በመጀመሪያው ቀን ከመላው ክፍል ጋር ተፈትኖ 33 አግኝቶ ነበር፣ ነገር ግን ወላጆቹ አላስመዘገቡትም። ያንኑ የተዋስኩትን ምንባብ ሳስነብበው 41 አነበበ። በ10 ሳምንት ውስጥ መደበኛው ትምህርት፣ ዕድሜና ቤት ውስጥ የሚደረገው እገዛም ይሠራሉ። በዚያ ላይ ልጄ በመጀመሪያው ፈተና ዕለት ጉንፋን ይዟት ነበርና 31 የሁልጊዜ ንባቧ ላይሆን ይችላል። በአንድ ቀን ዝቅተኛ ውጤት ተመርጠው የተመዘገቡ ልጆች፣ ማንም ሳያስተምራቸው እንኳ በቀጣዩ ፈተና በአማካይ ከፍ ማለታቸው የሚጠበቅ ነው።

የሁለት ልጆች ንጽጽር ብዙ እንደማያስረዳ አውቃለሁ፤ ከፍሎ የሚያስመዘግብ ቤተሰብም ከማያስመዘግበው በብዙ ነገር ሊለይ ይችላል። የሚቆጨኝ ትምህርት ቤቱ የተሻለውን ማስረጃ በእጁ ይዞ ሳይጠቀምበት መቅረቱ ነው። የሁሉም የሦስተኛ ክፍል ልጆች የመጀመሪያ ቀን ውጤት በመሳቢያው ውስጥ አለ። በመጨረሻው ሳምንት የተመዘገቡትንም ያልተመዘገቡትንም በአዲስ ምንባብ ቢፈትን፣ አንድ ከሰዓትና ጥቂት ፎቶኮፒ ብቻ ይጠይቀው ነበር፤ ለዚያ ደግሞ እኛው 50 ብሩን ከፍለናል። ይህንን ለአስተባባሪው በትሕትና ሳቀርብላቸው «ልጅዎ ተሻሽላለች አይደል? ታዲያ ምን ቀረ?» አሉኝ። በሪፖርታቸው ላይ የቀረበው ሌላው የስኬት ማስረጃ ከመቶ 96 የደረሰ የመገኘት መጠን ነው፤ ይህ ወላጆች ልጆቻቸውን በሰዓቱ ማድረሳቸውን ያሳያል።

ፊደል መለየት ገና ለሚያስቸግረው ልጅ፣ ለረቡዕ ክፍል ሲባል ብቻ፣ ክፍያው ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ቃል አጣርቶ ለሚያነብ ልጅ ግን በዚያው ገንዘብ የተረት መጻሕፍት ገዝቶ ማታ ማታ አብሮ ማንበብ የሚበልጥ ይመስለኛል። ረቡዕን ብቻ ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠይቄ ፓኬጁ አይነጣጠልም ተብያለሁ። የሚቀጥለው ዙር የምዝገባ ቅጽ ትናንት ደርሶኛል፤ ከፊርማው በላይ ባለው ባዶ ቦታ «የመጨረሻው ፈተና ልጆቹ አይተውት በማያውቁት ምንባብ ይሆናል ወይ?» ብዬ ጽፌ፣ ሳልፈርም፣ በልጄ ቦርሳ መልሼ ልኬዋለሁ።