የባቲ ሰኞ ገበያ፦ ግመል ጭነቱን የሚያራግፍበት

ወሎ ውስጥ ባቲ ከተማ ሰኞ ሰኞ የሚቆመው ገበያ ከአገሪቱ ትልልቆቹ አንዱ ነው። ገበያውን የሚያስጎበኙት የአካባቢው ወጣቶች ከብት ተራውን አሳምረው ያሳያሉ፤ የመንገዱን ታሪክ ሲጠየቁ ግን «የጥንት ነው» ብለው ያልፋሉ። ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው፤ ገበያውን እዚያ ያቆመው መንገዱ ነውና።

የአፋርን ጨው የጫነው ሲራራ እስከዚህ የሚመጣው በግመል ነበር። የግመል መርገጫ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ለአሸዋ እንጂ ለጭቃማ ዳገት አይሆንም፤ ያንሸራትተዋል፤ እግሮቹ ግራና ቀኝ ከተፈለቀቁ ደግሞ ተመልሶ ለጭነት አይበቃም። ስለዚህ ጨው ባቲ ላይ ይራገፍና በቅሎና አህያ ይረከቡት ነበር። ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፤ ከዚያ የሐረጎ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ደሴ፣ 2,500 ሜትር ግድም ያደርሳል። አሞሌው (ተጠርቦ የተዘጋጀው ጨው) ዳገት በወጣና ኬላ ባለፈ ቁጥር ይወደድ ነበር፤ የተሰበረ ወይም ዝናብ የነካው ግን ይረክስ ነበር። ለገንዘብነት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለቆየ፣ አጋሰስ ገደል ገባ ማለት ለነጋዴው ገንዘቡ ገደል ገባ ማለት ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን የደሴ–አሰብን መንገድ ሲሠራ የረጅሙን መንገድ ጭነት መኪና ወሰደው፤ ገበያው ግን አልፈረሰም።

ለመሄድ ያሰበ ከኮምቦልቻ በማለዳ ይነሣ። ግመል ተራው የሚደምቀው ረፋዱ ላይ ነው፤ ከቀትር በኋላ የቆላው ሰው መበተን ይጀምራል፣ ሙቀቱም አያስቆምም። ደላላው የግመሉን ከንፈር ገልጦ የታች የፊት ጥርሶቹን ሲያይ ጠጋ ብሎ ማየት ነው፦ የወተት ጥርሱን መቀየር የሚጀምረው ወደ አምስት ዓመቱ ስለሆነ «ለጭነት ደርሷል» የሚለው ወሬ እዚያው ይጣራል። ቀጥሎ ጀርባው ይዳሰሳል፤ የኮርቻ ቁስል ያለበት ዋጋው ይወርዳል። የሚቆመው አንድ የፊት እግሩ ታጥፎ ጉልበቱ ላይ ታስሮ ነው፤ ቢሆንም ከኋላው አይቆምም።

የአስጎብኚውን ዋጋ ሳይነሡ ቁርጥ ያድርጉ፤ ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት ጠብ ያመጣል። (የባቲ ቅኝትን የሚወድ ዘፈኑን ገበያው መሀል አይፈልግ፤ ድምፅ ማጉያው ሌላ ነው የሚያሰማው።) ለአስጎብኚዎቹ የምሰጠው ነጥብ፦ ለከብት ተራው ከአምስት አራት ተኩል፣ ለታሪኩ ሁለት። ሐረጎን ለማየት በክረምት ጉም ስለሚሸፍነው ከጥቅምት በኋላ፣ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ይያዝ።