የእናቴን ደም ስር ላገኘችው ሲስተር

እናቴ 11 ቀን ተኝታ ትናንት ከሆስፒታል ወጣች። ለጠየቃችሁንም ለጸለያችሁልንም ሁሉ እግዜር ይስጥልን። ዛሬ የምጽፈው ግን ስላስታመመቻት ነርስ ነው። ስሟን እንዳላወጣ ለምናኛለች፤ ቃሏን አከብራለሁ። የሠራችውን ሳልናገር ብቀር ግን ሕሊናዬ አያስተኛኝም።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። እግሯ ላይ የጀመራት ቁስል አመርቅዞ፣ ትኩሳትና ማስታወክ ተጨምሮበት ሰውነቷ ደርቆ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት፣ ሌላ ቦታ፣ 7 ጊዜ ተወጋች። “ደም ስሯ ጠፋ” አሉን። አንዱ ያበጠ፣ አንዱ የጠቆረ እጅ ይዘን ነው ወደዚህኛው ሆስፒታል የመጣነው። በእርጅና በሳሳ ቆዳ ውስጥ ያለ ደም ስር ከመርፌው እየተንሸራተተ እንደሚሸሽ፣ ውሃ ባጣ ሰውነት ላይ ደግሞ ሟሽሾ እንደሚደበቅ አሁን ገብቶኛል፤ ስለዚህ በመወጋቷ ማንንም አልወቅስም። ያስመረረኝ ከሁለትና ሦስት ሙከራ በኋላ “ቆይ፣ ከእኔ የተሻለ እጅ ያለው ልጥራ” የሚል ሰው መጥፋቱ ነው።

ይቺ ሲስተር ስትገባ ትሪዋን አስቀመጠችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። “እማማ፣ ከዚህ በፊት ደም ሲቀዱ የቱ እጅዎ ላይ ነው ቶሎ የሚገኘው?” አለቻት። እናቴን ስለ ገዛ እጇ የጠየቃት ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም። ግራዋን ዘረጋችላት። በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጠቀለለችበት፣ ክንዷን ከአልጋው ዝቅ አድርጋ አንጠለጠለችው፣ 10 ደቂቃ ያህልም ጠበቀች። ማሰሪያውን በእጅጌዋ ላይ አላላ አድርጋ አሰረችው፤ ጠብቆ ሲታሰር የሳሳ ደም ስር መርፌው ገና ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል አለችኝ። በአልኮል ጠረገችና ደግሞ እስኪደርቅ ጠበቀች። ቆዳውን በአውራ ጣቷ ወጠር አድርጋ በአንድ ጊዜ አስገባችው። ደሙ ብቅ ሲል እናቴ “ጨረስሽ እንዴ?” አለች።

የመረጠችው ካኑላ፣ ማለትም ደም ስር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ ሰማያዊው ነበር። ቀለሙ የሚናገረው ስለ ውፍረቱ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ ቢጫው 24፣ ሰማያዊው 22፣ ሮዙ 20፣ አረንጓዴው 18 ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እየቀጠነ ይሄዳል። ብዙ ደም በፍጥነት መስጠት ሲያስፈልግ ወፍራሙ ይመረጣል። ለእናቴ መድኃኒት ግን ቀጭኑ ይበቃል፤ ደም ስሩን ስለማይሞላው ደሙ በዙሪያው እያለፈ መድኃኒቱን ያቀጥነዋል።

ፕላስተሩን ለጥፋ ስታበቃ “መርፌው ወጥቷል እኮ፤ ውስጥ የቀረው ለስላሳ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ክንድዎን እንደልብዎ ያንቀሳቅሱ” አለቻት። እናቴ ቀደም ብሎ ካኑላ በገባላት ጊዜ ሁሉ ክንዷን እንደ እንጨት ገትራ የምትተኛው መርፌው ውስጧ እንዳይሰበር ፈርታ ነበር። እኔም ውስጥ ያለው መርፌ ይመስለኝ ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ የሚያስታምም ሰው ሁሉ እንዲሰማው እፈልጋለሁ። በ3ኛው ሌሊት ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ተንጠልጥሎላት እንቅልፍ ያዳፋት ጀመር። ቶሎ አልቆ ትተኛ ብዬ ጠብታውን የምትቆጣጠረዋን ትንሽ መዘውር ለቀቅ አደረግኳት። ብዙም ሳይቆይ ፊቷና አንገቷ ጋለ፣ ታከክ ጀመር። ጮኼ ተጣራሁ። ሲስተሯ ሮጣ ገብታ መጀመሪያ መዘውሩን ዘጋች፤ ካኑላውን ግን አልነቀለችውም፣ ድንገት ሌላ መድኃኒት ቢያስፈልግ መግቢያው እሱ ነውና። ግፊቷን ለካች፣ አተነፋፈሷን አየች፣ ዶክተሩን አስጠራች። እናቴ ስትረጋጋ በዶክተሩ ትእዛዝ ቀስ ተደርጎ እንደገና ተጀመረላት።

“እኔ ነኝ የከፈትኩት” አልኳት። አልተቆጣችኝም። 1 ግራም ቫንኮማይሲን ቢያንስ በ60 ደቂቃ መግባት እንዳለበት፣ ከዚያ ሲፈጥን ሰውነት ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ለቆ ማሳከክና ሙቀት እንደሚያመጣ፣ ግፊትም ሊያወርድ እንደሚችል አስረዳችኝ። “ወንድሜ፣ ጠብታው ዘገየ ብለህ ካሰብክ ጥራኝ፤ በአንድ ሌሊት 10 ጊዜም ቢሆን እመጣለሁ” አለችኝ። እባካችሁ፣ ያቺን መዘውር አትንኩ።

እሷ ራሷ ሰዓቷን እያየች ነው ጠብታ የምትቆጥረው። በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚያወርደው ቱቦ 1 ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይግባ ከተባለ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። አንዴ አስተካክላም አትቀርም፤ በሽተኛ ክንዱን ሲያጥፍ ጠብታው ስለሚለወጥ ተመልሳ ትቆጥራለች። ፖታሲየም በፈሳሽ ተበጥብጦ እንዲሰጣት የታዘዘ ቀን ደግሞ ሌላ ነርስ ጠርታ መጠኑን አብረው አረጋገጡ፤ ሳይበጠበጥ በሲሪንጅ ቢገፋ ልብ ሊያቆም የሚችል መድኃኒት ነው።

በማግሥቱ እናቴ “ትንሽ ትለበልበኛለች” አለቻት። መድኃኒቱ እየገባ ነበር፣ እብጠትም አላየሁም። ሲስተሯ ዳሰሰችው፤ በደም ስሩ መስመር ሞቅ ብሎ ጠጠር ብሏል። ወዲያው ነቀለችው። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ ስንት ተለፍቶ የተገኘ መስመር ነው! “እየገባ አይደል እንዴ?” ስላት “እየገባ ነው፣ ግን ደም ስሩን እያቃጠለ ነው” ብላ ከሌላኛው ክንድ ፈልጋ አገኘችላት። ያበጠውን እጅ ገና ዕረፍት ላይ ስለነበር አልነካችውም፤ ከእሱ ከፍ ብላ ነው የወጋችው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀምሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1832 ኮሌራ በብሪታንያ ሰው ሲፈጅ ቶማስ ላታ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ተስፋ የተቆረጠባትን አንዲት አሮጊት በደም ስሯ የጨው ውሃ ሰጣት። የጠፋው የልብ ምቷ ተመለሰ፣ መናገር ጀመረች። እሱ ለሌላ ሰው ትቷት ሲሄድ ተቅማጡና ትውከቱ ተመለሰባት፤ ፈሳሹን የደገመላት አልነበረም፤ በዚያው ሞተች። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የሲስተሯ የተረኛ ርክክብ ነው። ጠዋት ስትወጣ በኮሪደር አታስረክብም። ተተኪዋን እናቴ አልጋ ድረስ ታመጣታለች፤ ካኑላው ያለበትን ታሳያታለች፣ ምን ተሰጥቶ ምን እንደቀረ ትነግራታለች፣ “እዚህ ጋ ቢያቃጥላት ንቀይው” ትላታለች። ከዚያ በኋላ ነው ጋወኗን የምታወልቀው።

ለነርሶቹ ኃላፊ በጽሑፍ ምስጋና አስገብቻለሁ፤ በአፍ ካመሰገንኳት ይልቅ ለእሷ የሚጠቅማት እሱ ነው። ደም ስሩ አልገኝ ያለው ወላጅ ወይም ልጅ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዳልኛለችና የምትሠራበትን ክፍል እነግራችኋለሁ።

ትናንት ልንወጣ ስንል የመጨረሻውን ካኑላ ነቅላ ጥጡን ራሷ ይዛ ደሙ እስኪቆም ቆመች። ዛሬ ጠዋት እናቴ ክንዷን እያገላበጠች “ያቺ ልጅ መጨረሻ የወጋችኝ የት ጋ ነበር?” ብትለኝ ፈልጌ አጣሁት።